በቂ መስኮት ያለው ኦንላይን

ጥፋቱ የእኔ ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የማምነው፣ እህቴ ይህን ስታነብ ጥፋተኛውን ፍለጋ መሃል ድረስ እንዳትደክም ብዬ ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን «በየራስ ጊዜ ለሚወሰድ የኦንላይን ትምህርት የጥራት ስታንዳርድ አውጪ ኮሚቴ» የሚባል ነገር ሲያቋቁም፣ ጸሐፊ ተደርጌ ገባሁ። ምክንያቱ በዕድሜ ትንሹ እኔ ስለነበርኩ ነው፤ ሌላ ችሎታ አልተጠየቅኩም። አራት ነበርን። ሊቀመንበራችን በቅርቡ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ያገኙ ሰው ናቸው። ያለ «በመሠረቱ» አፋቸው ስለማይከፈት፣ ዞር ሲሉ የምንጠራቸው ፕሮፌሰር በመሠረቱ ብለን ነው። ሬጅስትራሯ የሠላሳ ዓመት የተማሪ ዝርዝር በጭንቅላታቸው ይዘው የሚዞሩ ሴት ናቸው፤ የተጠየቁትን ሁሉ ያውቃሉ፣ ያልተጠየቁትን አይናገሩም። አራተኛው የስቱዲዮው ኃላፊ ነው። አንድ ካሜራና ሦስት መብራት ከተረከበ ወዲህ ሰውን የሚያየው በፊቱ አብረቅራቂነት ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ስብሰባ ያለቀው ትርጉም ላይ ነው።

«በየራስ ጊዜ ማለት ስንት ሰዓት ነው?» አሉ ሬጅስትራሯ፣ እስክሪብቷቸውን አዘጋጅተው።

«ተቀርጾ ይቀመጣል፤ ተማሪው በተመቸው ሰዓት ከፍቶ ይማራል» አልኩ።

«እሱማ ገባኝ። ስንት ሰዓት ብዬ ልጻፈው?»

ሁለተኛው ስብሰባም በዚሁ አለቀ። በሦስተኛው ፕሮፌሰሩ «በመሠረቱ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነብን፤ ረቂቅ ይቅረብና እሱ ላይ እንወያይ» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። ሌሎቹም ዞሩ። ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ወደ አንተ ከዞረ ሥራው ያንተ ሆኗል ማለት ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ እዚህ ጋ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ የክፍል መገምገሚያ ቅጽ አለው፤ አርባ ጥያቄዎች፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ። አዲስ ከመጻፍ ብዬ ቅጹን ኮምፒውተሬ ላይ ከፈትኩና «ክፍል» የሚለውን ሁሉ በ«ኦንላይን» ቀይርልኝ ብዬ አዘዝኩት። አንድ ጊዜ ነው የተጫንኩት። ኮምፒውተሩ «ስድሳ አንድ ቦታ ተቀይሯል» አለኝ። አመሰገንኩትና ምሳዬን ልበላ ወጣሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ አፍስሼ ለመልቀምም አልተመለስኩም።

ረቂቁ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ነው ላቤ የመጣው። ተራ ቁጥር አራት፦ ኦንላይኑ በቂ መስኮት አለው ወይ? ተራ ቁጥር ሰባት፦ ትምህርት ሲጀመር የኦንላይኑ በር ይዘጋል ወይ? ተራ ቁጥር ዘጠኝ፦ በኦንላይኑ ውስጥ ትምህርቱ ሳይቋረጥ ቢያንስ ሃምሳ ደቂቃ ይሰጣል ወይ? ተራ ቁጥር አሥራ ሁለት፦ መምህሩ ኦንላይኑን ለቆ ሲወጣ ሰሌዳውን ያጠፋል ወይ?

አንገቴን ደፍቼ ሳቁን ጠበቅኩ። ሳቅ የለም። ቀና ስል ሦስቱም ግንባራቸውን ቋጥረው ያስባሉ።

«መስኮቱ…» አሉ ፕሮፌሰሩ። «በመሠረቱ ጥልቅ ሐሳብ ነው።»

«መምህሩ ሲቀረጽ ከጀርባው መስኮት ይኑር ማለት ነዋ!» አለ የስቱዲዮው ኃላፊ። «ለምስሉ ክብር ይሰጠዋል።»

ስህተት ነው ልል አፌን ስከፍት ሬጅስትራሯ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ ልጅ!» አሉኝ። ምስጋና አፍ ያስይዛል። ቅጹ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

በሳምንቱ ግቢው ውስጥ የመስኮት እጥረት ገባ። በሩ ላይ ስሙን ለጥፎ ለሃያ ዓመት ግድግዳ ሲያይ የኖረ መምህር ሁሉ «መስኮት ያለው ቢሮ ይሰጠኝ» ብሎ ማመልከቻ ጻፈ። የሕግ መምህሩ ደረጃ ላይ ቆሞ ሲቀረጽ ተገኘ፤ ፎቁ ላይ ያለው ሰፊ መስኮት እዚያ ብቻ ነው። ከኋላው ባልዲ የያዙ የጽዳት ሠራተኞች ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ። አራት ቁጥር ላይ ግን ሙሉ ነጥብ አገኘ።

ከዚያ ኮርሶቹን መገምገም ጀመርን። አራታችን አዳራሽ ገባን፤ በሩ ተዘጋ፤ ሬጅስትራሯ የአራታችንንም ስም ጠርተው «አለሁ» አስባሉን። ሰው በየራሱ ጊዜ እንዲማረው የተሠራውን ትምህርት እኛ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ግድግዳ ላይ፣ ስም ተጠርቶልን ማየት ጀመርን ማለት ነው። ማንም ነገሩን ልብ አላለውም፤ እኔም ጭምር።

መጀመሪያ የቀረበው የፕሮፌሰሩ የራሳቸው ኮርስ ነበር። አንዱ ትምህርት ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል። ከጀርባቸው ያለው መስኮት ከማማሩ የተነሳ ብርሃኑ ፊታቸውን ውጦት፣ የሚያስተምረን ኮት የለበሰ ጥላ ነበር። ነጥብ ስንሰጥ ፕሮፌሰሩ ለጨዋነት ብለው ወጡ፤ በሩን ግን ገርበብ አድርገው ተዉት። ከመቶ ዘጠና ስድስት አገኙ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነው፤ እሳቸው ባይቆርሱም ቢላዋውን የያዝነው እኛ ደጃቸው ላይ ነበርን።

ቀጥሎ ስታቲስቲክስ መጣ። አስተማሪው ከጡረታ የተመለሱ ሽማግሌ ናቸው፤ ተማሪዎቻቸው «ጋሼ አቁሙኝ» ይሏቸዋል። የሚቀረጹት ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ በስልክ ነው። ከኋላቸው አንድ ጭልፋ ተሰቅሏል፤ ሌላ ምንም የለም። ክራባት የለም። ትምህርቱ ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ከሰባቱም አንዱን ዝም ይላሉ።

«በቀን ስንት በር የምትከፍቱ ይመስላችኋል?» አሉ ግድግዳው ላይ። «ገምቱ። ጻፉት። አሁን አቁሙኝና ሂዱ፤ ነገ እስከዚህ ሰዓት ቁጠሩ። ሳትቆጥሩ ብትመጡ የምነግራችሁ የለኝም።» ብርጭቆ አነሱና ውሃ እየጠጡ ትክ ብለው አዩን።

«ይቁም እንዴ?» አልኩ።

«ተራ ቁጥር ዘጠኝ!» አለ የስቱዲዮው ኃላፊ፣ መቆጣጠሪያውን ደረቱ ላይ ለጥፎ። «ሳይቋረጥ ይላል።»

ጋሼ ውሃቸውን ጨረሱ። «እሺ፤ ስንት ሆነ?» አሉን። አራታችንም እንደ ሰነፍ ተማሪ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አየን።

ሠላሳ ስምንት ሰጠናቸው። ፕሮፌሰሩም አሉ፦ «በመሠረቱ ከስድሳ በታች ያገኘ ኮርስ በስታንዳርዱ መሠረት በስቱዲዮ እስኪቀረጽ ይታገዳል። ሰኞ እንፈርማለን።» የስቱዲዮው ወረፋ አንድ ዓመት ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ስታቲስቲክስ፣ ይታገዳል» ብዬ ጻፍኩና እስክሪብቶዬ እዚያው ቀረ። እህቴ የቀራት አንድ ኮርስ እሱ ነው።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። በዘጠኝ ዓመት ትበልጠኛለች፤ እኔን አስተምራ የራሷ ተራ ሲደርስ አርባ ሊሞላት ትንሽ ቀርቷት ነበር። ማኔጅመንት አንድ አንድ ኮርስ እያደረገች ስድስት ዓመት ተማረች። ስታቲስቲክስን ሁለቴ ጀምራ ሁለቴ ተወችው፤ ክፍሉ የሚሰጠው ደንበኛ በሚበዛበት ሰዓት ስለነበር። ጋሼ አቁሙኝ ከመጡ ወዲህ ግን ስልኳን ከስፌት መኪናው ራስ ላይ ትደግፍና፣ ደንበኛ ሲገባ ሽማግሌውን ታቆማለች፣ ሲወጣ ትለቃቸዋለች። ከአሥራ አራቱ ትምህርት አሥሩን እንዲህ ጨረሰች። የዩኒቨርሲቲውን የምረቃ ጋዋን በየዓመቱ የምትሰፋውም እሷ ናት። የራሷንም ከሦስት ዓመት በፊት ሰፍታ ከበሩ ጀርባ ሰቅላዋለች።

ስነግራት የአንድ ጋዋን እጅጌ እየሰፋች ነበር። መኪናውን አላቆመችም።

«መስኮት ስለሌለው?»

«ክራባትም የላቸውም፣ እትዬ።»

«ይህን የጻፈው ማን ነው?»

ከወለሉ የወደቀ አዝራር አነሳሁ።

መኪናው ቆመ። «አንተ ነህ?»

«ኮሚቴው ነው።»

«ኮሚቴው ጣት አለው? አንተ ልጅ፣ ዓይን ዓይኔን እየኝ!»

አየኋት፤ ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ ስድሳ አንዱንም ቦታ። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ሰሌዳው ላይ ስደርስ ሳቋ አመለጣት። መኪናው ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ ቀና ብላ ዓይኗን በጨርቅ ቁራጭ ጠረገች፣ ከዚያ ወደ በሩ ጀርባ ስታይ ሳቋ ቆመ።

«ያንን ጋዋን ሁለት ጊዜ አስፍቼዋለሁ» አለች። «ከእንግዲህ የሚለቀቅ ጨርቅ የለውም። በሚመጣው ዓመት አይሆነኝም፣ ወንድሜ።»

«ለጋሼ ደውዬ መስኮት እንዳላቸው ጠይቄያለሁ» አልኩ። «‹መስኮቴ ከኋላዬ ሳይሆን ከፊቴ ነው፤ ፊቴ የሚታየው ለዚያ ነው› አሉኝ።»

«አየህ? ከእናንተ ከአራታችሁ ይልቅ የሚያስቡት እሳቸው ናቸው።» ጥቂት አሰበችና «ፕሮፌሰርህ ቅዳሜ ለልክ ይመጣሉ። የአዲሱ ማዕረግ ጋዋን» አለች። «አንተም ትመጣለህ። መርፌ ትይዛለህ።»

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም። ልለካቸው ነዋ።»

ቅዳሜ ፕሮፌሰሩ መጡ። እህቴ ጥቁሩን ጨርቅ አለበሰቻቸውና ከብብታቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው በመርፌ ከበበቻቸው። እጃቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው መስታወት ፊት ቆሙ። እኔ የመርፌውን ቆርቆሮ ይዣለሁ።

«እንዳይንቀሳቀሱ፣ ፕሮፌሰር፤ የሚወጋ ነገር አለበት። ስሠራ ትምህርቴን እሰማለሁ፤ ካልከበድኩዎት።»

«በመሠረቱ ትምህርት ይከብደኛል እንዴ!»

ስልኳን ከፈተችው። የከፈተችው ሦስተኛውን ትምህርት ነው፤ ከጨረሰችው ወራት አልፈዋል። ሆን ብላ እንደመረጠችው ያኔ ገባኝ።

«ሰው ሁሉ የሚያዘወትራት ቃል አለችው» አሉ ጋሼ አቁሙኝ። «ከአጠገባችሁ ያለውን ሰው፣ ቃሏን ሳትነግሩት፣ በሰባት ደቂቃ ስንቴ እንደሚላት አስገምቱት። ከዚያ አስወሩትና ቁጠሩ። አቁሙኝ።»

እህቴ ጠመኔ በነካው ጣቷ አቆመቻቸው። «ፕሮፌሰር፣ እርስዎ የሚያዘወትሩት ቃል አለ?»

«እኔ? በመሠረቱ የለኝም።»

ቆርቆሮዋ ከእጄ ወደቀች። ተንበርክኬ መርፌ መልቀም ጀመርኩ፤ ፊቴን ለመደበቅ ከዚያ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

«ይኖራል ብለው ያስቡ» አለች እህቴ፣ እንደ ሐኪም ተረጋግታ። «ስንቴ ይሏታል?»

«ሁለቴ። ቢበዛ ሦስቴ። ንግግሬ የተመጠነ ነው።»

«ሦስት ብዬ ይዣለሁ። እስኪ በሏ፣ ይህ የኮሚቴ ሥራችሁ ምንድን ነው? እኔ መሃይም ነኝ፣ ያስረዱኝ።»

አስረዷት። ስለ ጥራት አስረዷት፣ ስለ ስታንዳርድ አስረዷት፣ ስለ መስኮት አስረዷት። እህቴ በጉልበቷ እየተንፏቀቀች ጫፉን ታስተካክላለች፤ በየመሃሉ ብድግ ትልና ጥቁሩ እጅጌ ላይ በጠመኔ አንዲት ሰረዝ ታደርጋለች። ፕሮፌሰሩ የልክ ምልክት መስሏቸዋል። ሰባቱ ደቂቃ ሲያልቅ ቀኝ እጅጌው ሞልቶ ወደ ግራው ተሻግራለች።

«ይኸው» አለች ወደ መስታወቱ እያዞረቻቸው። «ሃያ ዘጠኝ።»

«ሃያ ዘጠኝ ምን?»

«ሃያ ዘጠኝ በመሠረቱ፣ ፕሮፌሰር።»

ፕሮፌሰሩ የግራ እጃቸውን በቀስታ አመጡና ሰረዞቹን በሌባ ጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከአንገታቸው በላይ ቀሉ። «በመሠ…» ብለው ቃሉን ከመሃል ዋጡት። ደመወዜን፣ ወንበሬን፣ ሥራዬን ሁሉ ልሰናበት ስል ከሆዳቸው አንድ ነገር ፈነዳ። ሳቅ ነበር። ሲስቁ መርፌው ወጋቸው፣ ሲወጋቸው «ኧረ!» ብለው ጮኹ፣ ሲጮኹ ደግሞ ይበልጥ ሳቁ።

«ክፈቺው እስኪ» አሉ በመጨረሻ። «ከቆጠርን በኋላ ምን ይላል ሽማግሌው?»

እህቴ ጋሼን ለቀቀቻቸው። «ቆጠራችሁ?» አሉ ጋሼ። «ግምቱ ከቁጥሩ የራቀበት ሰው አይፈር። ሰው የራሱን ነገር ሲገምት ለራሱ ያደላል። መቁጠር የተፈጠረው ለዚህ ነው።»

ፕሮፌሰሩ ስልኩን ሳይሆን መስታወቱን ነበር የሚያዩት። «ለዚህ ሰው ነው ሠላሳ ስምንት የሰጠነው?»

«አዎ» አልኩ ከወለሉ።

«ለምን?»

«መስኮት የላቸውም።» እዚያው ተንበርክኬ ስለነበር ኑዛዜው ቀለለኝ፤ ስለ ቅጹ ነገርኳቸው።

«ስድሳ አንድ ቦታ?»

«ስድሳ አንድ ቦታ።»

«እኛስ አነበብነው?»

«ጮክ ብላችሁ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። እህቴ መርፌዎቹን እየነቀለች ወደ በሩ ጀርባ አመለከተቻቸው። «ያ የኔ ነው፣ ፕሮፌሰር። የቀረችኝ ይቺ ኮርስ ናት። ሰኞ ከፈረሙ ዘንድሮም እዚያው ይሰቀላል።»

የተሰቀለውን አዩ፣ እጅጌያቸውን አዩ። «ሰኞ እናያለን» አሉና ወጡ። ቃል አልገቡም። እህቴ እስከ ማታ አልሳቀችም፤ ጠመኔውንም ከጋዋኑ ላይ አላራገፈችም። «ለማስረጃ ይቆይ» አለች።

ሰኞ የፊርማው ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ነበር። ፕሮፌሰሩ ወንበራቸውን ሳይስቡ ቆመው «ገምቱ» አሉ።

«ምኑን?» አለ የስቱዲዮው ኃላፊ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ። የመጀመሪያ ትምህርቴን ስንቱ ጨረሰው? እያንዳንዳችሁ ጻፉ።»

እሱ ሁለት መቶ ጻፈ። እኔ ለአክብሮት መቶ አልኩ። ፕሮፌሰሩ ራሳቸው አመንትተው መቶ ሃምሳ ጻፉ። የሬጅስትራሯ ወረቀት ባዶ ነው።

«እርስዎስ?»

«እኔ አልገምትም፤ አውቀዋለሁ። ዘጠኝ።»

ፕሮፌሰሩ ቁጭ አሉ። «ዘጠኝ በመቶ?»

«ዘጠኝ ሰው። አንዷ ሁለቴ ስላየችው አሥር የሚል ነገር ካያችሁ እሷ ናት።»

«ለምን አልነገሩንም?»

«ቅጹ ላይ አልተጠየቀማ።»

«ስታቲስቲክሱስ?» አሉ ፕሮፌሰሩ በቀጭን ድምፅ።

«ከመቶ አርባው መቶ ሠላሳ አንዱ እየቀጠለ ነው። አንዷ ልብስ ሰፊ ናት፤ መልሷን ሁልጊዜ በአዝራር ነው የምትቆጥረው።»

ማንም ወደ ማንም አልዞረም። ፕሮፌሰሩ የፊርማውን ወረቀት አነሱ፣ ለሁለት አጠፉት፣ ደግመው አጠፉትና ኪሳቸው ከተቱት። «የሚታገደው የኔ ነው» አሉ። «አጫጭር አድርጌ፣ ፊቴን ወደ ብርሃን አዙሬ እንደገና እቀርጸዋለሁ። ቅጹም አዲስ ይጻፍ። ተማሪው ምን እንዲሠራ እንደተጠየቀ ይታወቅ፤ የሚሠራበት ጊዜ ይሰጠው፤ ማን እንደጨረሰም ይቆጠር። ሌላውን ቀስ ብለን እንጨምራለን።»

«የሚሠራበት ጊዜ ስንት ሰዓት ብዬ ልጻፍ?» አሉ ሬጅስትራሯ።

«በተመቸው ሰዓት ብለው ይጻፉ።»

ጻፉት። «ይኸው! መጀመሪያውኑ እንዲህ ብትሉኝ ኖሮ» አሉ፣ በእኔ ላይ ቅሬታ በያዘ ዓይን።

መስኮቱን ግን መሰረዝ አልቻልንም። በሙሉ ድምፅ የጸደቀ አንቀጽ አይሰረዝም፤ ይሻሻላል እንጂ። ስለዚህ ዛሬም ስታንዳርዱ ላይ፣ ከጋሼ አቁሙኝ የተወሰደች አንዲት መስመር አለች፦ መስኮት ቢኖር ከመምህሩ ፊት ይሁን። የሕግ መምህሩ አሁንም ደረጃው ላይ ነው፤ ዞሮ ቆሟል።

እህቴ አሥራ አራተኛውን ትምህርት የጨረሰች ቀን ጋዋኑን ከበሩ ጀርባ አውርዳ ለካችው። «ሆድሽን ሳብ አድርጊ» አልኳት፤ በመለኪያው ሜትር ገረፈችኝ። እንዲያ እየተሟገትን ስልኳ ጮኸ። ደዋዩ የስታቲስቲክስ ኮርስ መቶ አርባ አንደኛው ተማሪ ነው፤ አጭር ትምህርት እንዴት እንደሚሠራ ሊማሩ የተመዘገቡት ፕሮፌሰር ስድስተኛው ላይ ተጣብቀዋል።

«እህቴ፣ ይቅርታ፤ የበሮቹን ቁጥር አማካይ አውጡ ይላል፤ እኔ ግን በመሠረቱ…»

እህቴ ጋዋኗ ውስጥ እንደተወጠረች፣ አፏ ውስጥ መርፌ ስለነበር፣ ወደ እኔ አንድ ጣቷን አነሳች። እኔም ጠመኔ ፈልጌ ጠረጴዛው ላይ አንዲት ሰረዝ አደረግኩ።